የዱቤ ደብተሩ ሲሞላ፦ የዋሽንግተን የዕዳ ጠብ ድሬዳዋ ድረስ እንዴት መጣ?

ጥር ላይ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ግቢ ተቀምጦ ቡና ለመጠጣት እንደ ጥር የሚመች ወር የለም። ሙቀቱ ረገብ ይላል፣ ማታ ማታ ነጠላ ያስደርባል። ጎረቤቴ ስልካቸውን በእጃቸው እንደያዙ መጡና አጠገቤ ቁጭ አሉ። ልጃቸው ሚኒሶታ ናት። በየወሩ 300 ዶላር ትልክላቸዋለች። የምትልከው በካሽ ነው። ከሥራ ስትወጣ መንገዷ ላይ ካለ ሱቅ ትገባና ቆጥራ ትሰጣለች።

«በዚህ ወር 3 ዶላር ጨምሪ ተባለች» አሉኝ። «የመንግሥት ግብር ነው አሏት። ደሞዟ ላይ ግብር ትከፍላለች። ለእናቷ ስትልክ ደግሞ የምን ግብር ነው? ዕዳ ከሜዳ ሆነባት እኮ!»

ያናደዳቸው 3 ዶላሩ አይደለም። እሳቸው የማያውቁት ሰው፣ በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ምክንያት እጁን ወደ ቤታቸው መስደዱ ነው። እኔም ተሰማኝ። ያን ዕለት ማታ አጠር አድርጌ ነገርኳቸው። እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ዕዳው ከሜዳ አልመጣም። የመጣበት መንገድ አለው። መንገዱም የአሜሪካ ፖለቲከኞች በመንግሥት ዕዳና በግብር ላይ ለዓመታት ሲጣሉ የኖሩበት ነው። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ እናገራለሁ።

ጠቡ እንዲገባን ከሱቅ እንጀምር።

እኛ ሰፈር፣ ደቻቱ አጠገብ፣ ዱቤ የሚሰጥ ሱቅ አለ። ባለሱቁ ከባንኮኒው ሥር ሽፋኑ የላላ ደብተር ያስቀምጣል። ጠርዙ ዘይት ጠጥቶ ወይቧል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ገጽ አለው። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ የሞባይል ካርድ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ሲከፈል በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። ለሚያምነው ቤት ገጹ ሲሞላ ሌላ ገጽ ይከፍታል፤ ብዙም አይጠይቅም።

አሁን አንድ ባልና ሚስት አስቡ። ለወሩ የሚያስፈልጋቸውን ቁጭ ብለው ጻፉ፣ ሁለቱም ተስማሙ። ቀጥለው ገቢያቸውን አዩ። «ትርፍ ሰዓት መሥራት ይቅርብን፣ ደክሞናል» ተባባሉ። በዚህም ተስማሙ። ወጪው ከገቢው በለጠ። የጎደለው በዱቤ ይሞላል ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ሦስተኛ ወረቀት አውጥተው «ዱቤያችን ከ10 ሺህ ብር አይበልጥም» ብለው ፈረሙ።

እነዚህ ሦስት ወረቀቶች አብረው አይሄዱም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከተፈጸሙ ሦስተኛው መጣሱ አይቀርም። ዱቤው 10 ሺህ የሞላ ቀን ባልየው ተነሣና «የቡናና የስኳር ወጪ ካልቀነስሽ ሦስተኛውን ወረቀት አልቀይርም» አለ። የሚያወራው ስለሚቀጥለው ወር ነው። ባለሱቁ የሚጠብቀው ግን ያለፈውን ወር ሂሳብ ነው። ስኳሩ ተበልቷል፣ ቡናው ተጠጥቷል። ወረቀቱ ካልተቀየረ ባለሱቁ ገንዘቡን አያገኝም።

የአሜሪካ የዕዳ ጣሪያ የሚባለው ያ ሦስተኛ ወረቀት ነው። የመንግሥትን ወጪ የሚወስነው ኮንግረስ፣ ማለትም የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ነው። ግብሩን የሚወስነውም ኮንግረስ ነው። ወጪው ከግብሩ ሲበልጥ የገንዘብ ሚኒስቴሩ ቦንድ እየሸጠ ይበደራል። ኮንግረስ ግን በተጨማሪ «ጠቅላላ ዕዳህ ከዚህ አይለፍ» የሚል ሌላ ሕግ አለው። ስለዚህ «የዕዳ ጣሪያው ከፍ አለ» ሲባል ስትሰሙ መንግሥት አዲስ ወጪ ተፈቀደለት ማለት አይደለም። ራሳቸው ያዘዙትን ሂሳብ ለመክፈል ፈቀዱ ማለት ነው። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው የቀረውን ዜና በቀላሉ ይከታተላል።

ጣሪያው ሲጀመር ለጠብ አልነበረም። በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ኮንግረስ እያንዳንዱን ቦንድ ለየብቻ ከማጽደቅ «እስከዚህ ድረስ ተበደር» ብሎ ለመንግሥት እጁን ፈታ አደረገለት። በ1939 ጠቅላላውን ዕዳ የሚያጠቃልል ገደብ መጣ። ከ1960 እስከ 2011 ገደማ ጣሪያው ከፍ እንዲል፣ እንዲራዘም ወይም እንዲሻሻል ኮንግረስ 78 ጊዜ ወስኗል። 49ኙ በሪፐብሊካን ፕሬዚዳንቶች ዘመን፣ 29ኙ በዴሞክራቶች ዘመን ነው። ሁለቱም ተበድረዋል። «ዕዳውን ያመጣው ያኛው ፓርቲ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ቁጥር ንገሩት።

ዴንማርክም ተመሳሳይ ሕግ አላት። ግን ጣሪያውን በጣም ከፍ አድርጋ ስለሰቀለችው ማንም አይጣላበትም።

ሁለት ጠብ አለ፣ አይምታታብን

ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። «የአሜሪካ መንግሥት ተዘጋ» ሲባል እና «አሜሪካ ዕዳዋን ላትከፍል ነው» ሲባል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መዘጋት የሚመጣው የሚቀጥለው ዓመት በጀት በጊዜው ካልጸደቀ ነው። የእነሱ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው፣ የእኛ ሐምሌ 1 እንደሆነው። በጀቱ ካልጸደቀ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ቤት ያስቀምጣሉ፤ አስፈላጊ የተባሉት ያለ ደሞዝ ይሠራሉ። በባልና ሚስቱ ምሳሌ ይህ የሚቀጥለው ወር የአስቤዛ ዝርዝር ላይ የሚነሣ ጠብ ነው። በ2013 16 ቀን ተዘጋ። በ2018 መጨረሻ የድንበር አጥር ጠብ ተነሥቶ 35 ቀን ቆየ። በ2025 ደግሞ ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12፣ 43 ቀን ተዘጋ፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በታሪካቸው ረጅሙ ነበር። ያን ጊዜ ዴሞክራቶቹ ለጤና መድን የሚሰጠው ድጎማ ይራዘም አሉ። ሪፐብሊካኖቹ መጀመሪያ መንግሥት ይከፈት፣ ከዚያ እንነጋገራለን አሉ። የአውሮፕላን በረራ ተቆጣጣሪዎች ያለ ደሞዝ ሠሩ፣ በረራ ተቀነሰ። 42 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚተዳደርበት የምግብ ድጋፍ ኖቬምበር ላይ ተስተጓጎለ።

ያኔ እዚህ ሰፈር ብዙ ልጆች «ቪዛ ይቆማል ወይ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። የቪዛ ሥራ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው አመልካቾች በሚከፍሉት ገንዘብ ስለሆነ መዘጋቱ ብቻውን አያስቆመውም።

የዕዳ ጣሪያው ጠብ ግን ከዚህ የከፋ ነው። ጣሪያው ሲነካ የገንዘብ ሚኒስቴሩ ወዲያው አይከስርም። ለመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ማስገባት ያለበትን ለጊዜው ያዘገያል፣ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ያዘዋውራል። የእቁብ ተራው እስኪደርስ የልጆቹን ቁጠባ ሳጥን እንደሚነካካ አባወራ ማለት ነው። ያ ሲያልቅ ግን አንድ ቀን ይመጣል። ያን ቀን የቦንድ ባለቤቶች፣ ጡረተኞች፣ ወታደሮች በሙሉ ለአንድ ካዝና ይሰለፋሉ፣ ካዝናው ግን ለሁሉም አይበቃም። ያ ቀን እስካሁን አልመጣም። የመጣ ያህል ሆኖ የተመለሰው ግን ከአንዴ በላይ ነው።

በ2011 የተወካዮች ምክር ቤቱን ሪፐብሊካኖች ያዙ። ፕሬዚዳንቱ ባራክ ኦባማ ነበሩ። ወጪ ካልተቀነሰ ጣሪያው አይነሣም ተባለ። ወራት ተጨቃጨቁና ኦገስት 2፣ የመጨረሻዋ ቀን ላይ ተስማሙ። ከሦስት ቀን በኋላ ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ የተባለው የብድር ደረጃ መዳቢ ድርጅት አሜሪካን ከከፍተኛው ደረጃ አወረዳት። ከ1941 ጀምሮ ይዛው የነበረ ደረጃ ነው። የሚገርመው፣ አሜሪካ አንድም ቀን ሳትከፍል አልቀረችም። ገንዘብ አጥታም አይደለም። የወረደችው ተስማምተው መወሰን ሲያቅታቸው ስለታየ ነው። የመንግሥቱ ሂሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በኋላ ሲያሰላ፣ ጭቅጭቁ በዚያ ዓመት ብቻ የመበደሪያ ወጪውን በ1.3 ቢሊዮን ዶላር ጨምሮት ነበር። ያ ገንዘብ መንገድ አልሠራም፣ ትምህርት ቤት አልከፈተም። የጠብ ዋጋ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ነገር ላንሣ። ኢትዮጵያ በ2014 የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በ6.625 በመቶ ወለድ ለውጭ ገበያ ሸጣ ነበር። በዲሴምበር 2023 የወለድ ክፍያው 33 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ አልተከፈለም። እኛ ያልከፈልነው የውጭ ምንዛሪ ጨንቆን ነው። የተበደርነው ዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ እኛ አናትምም። አሜሪካ የምትበደረው ራሷ በምታትመው ገንዘብ ነው። እሷ አልከፈለችም ከተባለ ስላጣች አይሆንም። ያላትን ለመክፈል መስማማት ስላቃታት ነው። ይሄ ልዩነት ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የቸገረው ሳይከፍል ሲቀር ይገባኛል። ያለው ሰው በእልህ ሳይከፍል ሲቀር ግን አይገባኝም።

ለምን አይስማሙም?

መልሱ ሁለት ነው፦ አንዱ የአሠራር፣ አንዱ የሰው።

ከአሠራሩ ልጀምር። እኛ አገር የፌዴራል በጀት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመጡት ከዚያው ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ካለው ፓርቲ ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ በጀት ይቀርባል፣ ይጸድቃል። በእኛ አቆጣጠር የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ ሲጸድቅ «መንግሥት ሊዘጋ ነው» ብሎ የፈራ ሰው አልነበረም። አሜሪካ ላይ ግን ሦስት በር አለ። 435 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት፣ 100 አባላት ያሉት ሴኔት፣ ከዚያ ፕሬዚዳንቱ። ሦስቱም የሚመረጡት ለየብቻ ነው። አንዱ በር በአንድ ፓርቲ፣ ሌላው በሌላው እጅ ሊሆን ይችላል። ሴኔት ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ሕግ ክርክሩ ተዘግቶ ወደ ድምፅ እንዲሄድ 60 ድምፅ ይፈልጋል። 53 መቀመጫ ያለው ፓርቲ እንኳ ብቻውን አይበቃም።

ይህ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን ብቻውን አገሩን እንዳይነዳ። እኔ በዚህ አልስቅም፤ በጀት ላይ ጠንከር ያለ ጥያቄ ሲነሣ ማየት ለእኛም ደስ የሚል ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው ጥያቄው አልቆ እልህ ሲጀምር ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ሁለቱም ወገን የየራሱ እውነት አለው፤ ያንን ሳንሰማ መፍረድ የለብንም።

ሪፐብሊካኖቹ የሚሉት ይህ ነው። ግብር ሲቀንስ ሰው ይሠራል፣ ኩባንያ ያስፋፋል፣ ሥራ ይከፈታል። መንግሥት ብዙ ገንዘብ በሰጡት ቁጥር ብዙ ያወጣል። ስለዚህ ዕዳው የሚቀንሰው በግብር ሳይሆን ወጪ በመቀነስ ነው። ዴሞክራቶቹ ደግሞ ዕዳው የተቆለለው ለሀብታሞች በተደጋጋሚ ግብር ስለተቀነሰ ነው ይላሉ። የአረጋውያን ጡረታና የድሆች ሕክምና ከመነካቱ በፊት ያላቸው ይክፈሉ ይላሉ።

ሁለቱም ጮክ ብለው የማይናገሩት ነገር አለ። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ጡረታ፣ የአረጋውያንና የድሆች ሕክምና፣ መከላከያና ወለድ ናቸው። ጡረታና የአረጋውያን ሕክምና ላይ እጁን ያነሣ ፖለቲከኛ ይወድቃል። ወለድ ደግሞ ካልተከፈለ ያው የፈሩት ነገር መጣ። በ2024 ለወለድ ብቻ ከ800 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል፣ ከመከላከያ ወጪያቸው በልጦ። ስለዚህ በየዓመቱ የሚጣሉት ከጠቅላላው ትንሽ በሆነችው ቁራጭ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ሞልቶላቸው ነበር። ከ1998 እስከ 2001 ለአራት ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ገቢው ከወጪው በልጧል። ከዚያ በ2001ና በ2003 ግብር ተቀነሰ። አፍጋኒስታንና ኢራቅ ጦርነት ተከፈተ። በ2008 የባንኮች ቀውስ መጣ። በ2017 የኩባንያዎች ግብር ከ35 በመቶ ወደ 21 በመቶ ወረደ። ኮሮና ሲመጣ ደግሞ በሁለቱም ፓርቲዎች ፈቃድ በትሪሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ወጣ። በኦክቶበር 2025 ጠቅላላ ዕዳው 38 ትሪሊዮን ዶላር አለፈ። ትሪሊዮን ማለት ሺህ ቢሊዮን ነው።

ታዲያ ከመሃል ተገናኝተው ትንሽ ግብር ጨምረው፣ ትንሽ ወጪ ቀንሰው ለምን አይጨርሱትም? ድሬ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ቢጣሉ ሽማግሌ መሃል ላይ ካስማ ተክሎ ይለያያቸዋል። እዚያ ግን መሃል ላይ የቆመ ሰው ሲቀጣ ታይቷል።

ጆርጅ ቡሽን፣ ትልቁን ቡሽ፣ ያስታወሰ ያስታውስ። በ1988 ሲወዳደሩ «ከንፈሬን አንብቡ፣ አዲስ ግብር የለም» ብለው ነበር። ሁለት ዓመት ቆይተው ጉድለቱ ሲበረታ ከዴሞክራቶች ጋር ተስማምተው ግብር ጨመሩ። ለአገራቸው ሒሳብ ጥሩ ሠሩ ብዬ አምናለሁ። የገዛ ፓርቲያቸው ግን አልረሳላቸውም፤ ያ ንግግር በ1992 ምርጫ ተመልሶ መጣባቸውና ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ የሪፐብሊካን እጩዎች ግሮቨር ኖርክዊስት የሚባሉት ሰው በ1986 የጀመሩት ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። «ግብር ለመጨመር ድምፅ አልሰጥም» የሚል ነው። አንዴ ከፈረምክ መሃል መቆም የለም።

ሌላው ምሳሌ ቅርብ ነው። በ2023 ጣሪያው 31.4 ትሪሊዮን ዶላር ላይ ተነካ። የተወካዮች ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ኬቪን ማካርቲ ከፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ጋር ተደራደሩ። ስምምነቱ በምክር ቤቱ 314 ለ117 አለፈ፣ ከሁለቱም ፓርቲ። ጁን 3 ተፈረመ፤ ገንዘቡ ያልቃል ከተባለው ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው። አገሩ ተረፈ። ማካርቲ ግን አልተረፉም። ኦክቶበር 3 ላይ ከራሳቸው ፓርቲ ስምንት ሰዎች ከዴሞክራቶቹ ጋር ሆነው 216 ለ210 ከወንበራቸው አወረዷቸው። በአሜሪካ ታሪክ አንድ አፈ ጉባኤ በዚህ መንገድ ሲነሣ የመጀመሪያው ነው። ያን ያየ የሚቀጥለው አፈ ጉባኤ ለመደራደር ሁለት ጊዜ ያስባል።

ከዚህ በስተጀርባ ምርጫው አለ። የተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚመረጠው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። አብዛኛው የምርጫ ክልል ደግሞ ማን እንደሚያሸንፍበት አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሰውየው የሚፈራው ሌላውን ፓርቲ አይደለም። በገዛ ፓርቲው ማጣሪያ ላይ «ይሄ ለስላሳ ነው፣ ከጠላት ጋር ይስማማል» ብሎ የሚመጣበትን ተወዳዳሪ ነው። መስማማት ሥራ ያሳጣል፣ መጣላት ያስመርጣል። በግል ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። ደሞዛቸው የታሰረው ከጠቡ ጋር ነው።

ወደ 3 ዶላሯ

60 ድምፅ ማግኘት ሲከብድ አንድ ጠባብ በር አለ። በጀትን፣ ግብርንና ዕዳን ብቻ የሚመለከት ሕግ በልዩ አሠራር በ51 ድምፅ ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱም ፓርቲዎች ተራ በተራ ይጠቀሙበታል። በ2025 ሪፐብሊካኖቹ ሦስቱንም በር ስለያዙ በዚህ መንገድ አንድ ግዙፍ ሕግ አወጡ። ሴኔት ውስጥ 50 ለ50 ሆኖ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄ ዲ ቫንስ 51ኛውን ድምፅ ሰጡ። በተወካዮች ምክር ቤት 218 ለ214 አለፈ። ጁላይ 4 ዶናልድ ትራምፕ ፈረሙ። ከዴሞክራቶች አንድም ሰው አልደገፈውም።

ሕጉ ውስጥ ሦስት ነገሮች አብረው ተቀምጠዋል። የ2017ቱን የግብር ቅነሳ ቋሚ አደረገ። የዕዳ ጣሪያውን በ5 ትሪሊዮን ዶላር ጨምሮ 41.1 ትሪሊዮን አደረሰው። የኮንግረስ የበጀት ጽሕፈት ቤት ሕጉ በ10 ዓመት ውስጥ ጉድለቱን በ3.4 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ያሰፋል ብሎ ገመተ። ግብር ሲቀነስ ከአንድ ቦታ ገንዘብ መፈለግ አለበትና፣ ሦስተኛው ነገር መጣ፦ ከአሜሪካ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ ግብር።

መጀመሪያ የቀረበው 5 በመቶ ነበር፣ ዜግነት የሌላቸው ላይ። የተወካዮች ምክር ቤት 3.5 በመቶ አድርጎ አሳለፈው። ሴኔት 1 በመቶ አደረገው፣ ያውም በካሽ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በባንክ ቼክ ለሚልክ ብቻ። በዚያው ልክ የዜግነት ነገር ቀረና ዜጋም ሆነ ነዋሪ ይከፍላል ተባለ። ሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። 300 ዶላር በካሽ የላከች ልጅ 3 ዶላር ትከፍላለች። የጎረቤቴ ልጅ የከፈለችው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማስበው ነገር አለ። ለኩባንያዎችና ለሀብታሞች የሚቆረቆር ሰው ዋሽንግተን ውስጥ ሞልቷል፤ ጠበቃ አላቸው፣ ቢሮ አላቸው። ለጡረተኛው የሚቆረቆር አለ፣ ጡረተኛው ድምፅ ይሰጣልና። ለእናቷ በካሽ የምትልክ ሴት ግን ብዙ ተሟጋች የላትም። እናትየው ደግሞ ጭራሽ መራጭ አይደሉም። ሁለቱ ወገኖች ግብር ከማን ይነሣ ብለው ለ40 ዓመት ሲጣሉ፣ በቀላሉ የተነሣው ከዚህ ጥግ ነው። ከ5 ወደ 1 መውረዱ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ግን 1 በመቶም መነሻ ነው። በሩ አንዴ ከተከፈተ በሚቀጥለው ጠብ ጊዜ እንደገና ወደዚያ በር የሚመለከት አይጠፋም ብዬ እፈራለሁ።

የዋሽንግተን ጠብ እዚህ የሚደርሰው በሐዋላ ብቻም አይደለም። ድሬ ካሉት ገበያዎች ቀፊራ ወይም ታይዋን ግቡና የጅቡቲን ዕቃ ተመልከቱ። ነጋዴው የሚያወራው በፍራንክ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ግን ለዶላር የታሰረ ነው፤ ከ1973 ጀምሮ 177.721 ፍራንክ ለ1 ዶላር ነው። ስለዚህ ፍራንክ ቆጠርኩ ያለ ነጋዴ የቆጠረው ዶላር ነው። ዶላር ሲወዛወዝ የጅቡቲ ፍራንክ አብሮ ይወዛወዛል፣ የሩዙ ዋጋም ይከተላል። እኛ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብርን ዋጋ ገበያው እንዲወስነው ለቀነዋል። ድንጋጤ ሲመጣ ከመሃል የሚያቆመው ነገር ትንሽ ነው።

ከዚያ ወለድ አለ። ዓለም ላይ ያለ አበዳሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የአሜሪካን ቦንድ ነው። «አሜሪካ ይህን ያህል ወለድ ከከፈለችኝ፣ ለሌላው አገር ከዚያ በላይ ካልሆነ ለምን አበድራለሁ?» ይላል። አሜሪካ ብዙ ስትበደር ወይም ስሟ ሲጎድፍ የእሷ ወለድ ይጨምራል፣ የሌላውም ይከተላል። በ2023 ፊች፣ በሜይ 2025 ሙዲስ ደረጃዋን ዝቅ አድርገዋል። አሁን ሦስቱም ትልልቅ መዳቢዎች ከከፍተኛው ደረጃ አውርደዋታል። እኛ ብድር ልንጠይቅ ስንሄድ የሚጠብቀን ዋጋ እዚያ ላይ ነው የሚጀምረው።

ለድሬዳዋ ሰው ብድርና ፖለቲካ ሲጣሉ ምን እንደሚሆን ማስረዳት አይከብድም። ከተማዋ ራሷ የዚያ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ። ያኔ ስሟ አዲስ ሐረር ነበር። ወደ አዲስ አበባ መቀጠል ነበረበት። ኩባንያው ገንዘብ ጨረሰ። ፈረንሳይና እንግሊዝ ሐዲዱ በማን እጅ ይሁን ብለው ተፋጠጡ፣ አጼ ምኒልክም ፈረንሳይ ከጀርባቸው ያደረገችው ውል አላስደሰታቸውም። ኩባንያው ከሰረ። ሐዲዱ እዚህ ለዓመታት ቆመ። በአዲስ ኩባንያ ተቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፣ አሜሪካኖቹ የዕዳ ጣሪያቸውን በጀመሩበት ዓመት። በእነዚያ ዓመታት ዕቃው እዚህ ይራገፍ ነበር፣ ከዚህ በግመልና በበቅሎ ይሄዳል። ከዚራና መጋላ የተባሉት ሰፈሮች የደረጁት በዚያ ምክንያት ነው። እኛ ከጠቡ ተጠቅመናል። 15 ዓመት ባቡር ሲጠብቅ የኖረው የመሃል አገር ሰው ግን ምን ያህል እንደከፈለ የጻፈለት የለም።

አዲሱ ባቡርም የመጣው በብድር ነው። ከቻይና የተገኘው ገንዘብ የመክፈያ ጊዜው ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም በ2018 ተደራድረን አስማምተናል። ያ ድርድር ባይሳካ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ምክር ቤታችን ውስጥ ጠንከር ያለ ክርክር ቢደረግበት ደስ ባለኝ። እነሱ ጋ ክርክሩ በዝቶ አንቋቸዋል። እኛ ጋ ደግሞ አንሶናል።

የአሜሪካው ጣሪያ አሁን 41.1 ትሪሊዮን ላይ ነው። ዕዳው 38 ትሪሊዮን አልፏል። በየዓመቱ 2 ትሪሊዮን ገደማ እየጨመረ ስለሆነ ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። ያ ቀን ሲደርስ ማን የትኛውን በር እንደያዘ አይቶ መገመት ይቻላል። አንድ ፓርቲ ሦስቱንም ከያዘ በ51 ድምፅ ያልፋል። ከተከፋፈሉት ግን እንደ 2011 እና እንደ 2023 የመጨረሻዋን ቀን እንጠብቃለን።

ለጎረቤቴ ይህን ሁሉ አልነገርኳቸውም። የነገርኳቸው አንድ ነገር ነው፦ ግብሩ የሚነካው ካሹን ነው፤ እዚያው አሜሪካ ካለ የባንክ ሂሳብ ወይም እዚያ ከተሰጠ ዴቢት ካርድ የሚላከውን አይነካም። እዚያው ቁጭ ብለን ደወልንላት። ልጅቷ የባንክ ካርድ አላት፣ ግን ሱቁ መንገዷ ላይ ስለሆነ ለምዳው ነው። «እማዬ፣ ከሚቀጥለው ወር በስልኬ እልካለሁ በቃ» አለች። እናትየው ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉና «የአገልግሎት ክፍያውንም እይው፣ እሱም እንዳይበልጥብሽ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።